እንግጫ ሌላ፣ ቄጤማ ሌላ

  ባለፈው ስለ ኮምፖስት እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታ፣ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ ስለ አንድ ስም ነው የምጽፈው። በዚህ ስም የተሳሳትኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ስህተቱ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር የቀበሌያችንን የመሬት አጠቃቀም መረጃ ስንሰበስብ ቅጹ ላይ «የታረሰ»፣ «የግጦሽ»፣ «ደን» እና «ሌላ» የሚሉ ዓምዶች ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ጨፌ ጋ ስንደርስ የቱ ጋ እንደማስገባው ግራ ገባኝ። እንዳይታረስ ውኃ ይዞታል፣ ለግጦሽ እንዳልለው ከብት ይሰምጥበታል፣ ዛፍ የለበትም። በቃ «ሌላ» የሚለው ላይ ስፋቱን ጻፍኩና ማብራሪያው ላይ «በእንግጫ አረም የተወረረ፣ ጥቅም የማይሰጥ ረግረግ» ብዬ ሞላሁት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ኮሌጅ እያለሁ ስለዚህ የዕፅዋት ወገን የተማርኩት በአረም ትምህርት ላይ ብቻ ነው። ሳይፐረስ የሚለው የሳይንስ ስም ሲነሳ ወዲያው ትዝ የሚለኝ ማሳ ውስጥ የሚያስቸግረው እንግጫ ነው። ፈተና ላይም የመጣው እሱ ነበር፤ መልሼዋለሁም።

ቅጹን እየሞላሁ ሳለ አንዲት እናት ጭዳቸውን በወገባቸው ሻጥ አድርገው፣ አንድ እቅፍ ቄጤማ ይዘው ከጨፌው ወጡ። ለቅዳሜ ገበያ ነው።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ጻፍከው?» አሉኝ።

«እንግጫ የወረረው ነው ብዬ ነው፣ እናቴ።»

ሳቁብኝ። «እንግጫማ እዚያ እማሳዬ ላይ ነው ያለው። እሱን ብታጠፋልኝ እመርቅህ ነበር። ይኸ ቄጤማ ነው። እንግጫ ሌላ፣ ቄጤማ ሌላ። የተማርክ አይደለህም እንዴ?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቅጹን ግን አላስተካከልኩትም። ቅጹ ሄደ። በየካቲት መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው ጨፌው ተጠንፍፎ ሽንኩርትና ድንች እንዲያለሙበት ይሰጠን ብለው አመለከቱ። ማመልከቻው ላይ እንደ ማስረጃ የተጠቀሰው ምን መሰላችሁ? የእኔ ማብራሪያ። «በልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጥቅም እንደማይሰጥ የተረጋገጠ» ይላል። እኔ ምኑን አረጋገጥኩ? ከፋሲካ በኋላ ባለው የቀበሌ ስብሰባ ውሳኔ ይሰጥበታል። ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በየአካባቢው አጠራሩ ይለያያል፤ ቄጤማ፣ ቄጠማ፣ ቀጤማ የሚል አለ፤ አጻጻፉም እንዲሁ። ከዚያ በላይ የሚያምታታው ግን «ቄጤማ» የሚለው ስም አንድን ዝርያ ብቻ የሚጠራ አለመሆኑ ነው። ረግረግ ላይ የሚበቅሉ፣ ለምለምና ረዣዥም የሆኑ፣ ለጉዝጓዝ የሚታጨዱ ብዙ ዝርያዎች ቄጤማ ይባላሉ። ከተማ ውስጥማ በበዓል ዋዜማ ረዘም ያለ ሣር ሁሉ ቄጤማ ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ገዢውም አይጠይቅም፣ ሻጩም አይናገር።

ቄጤማ ሣር አይደለም። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይዛችሁ አሽከርክሩት። ሣር ከሆነ ክብ ስለሆነ ይሽከረከራል፤ አንጓ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ውስጡ ባዶ ነው። ቄጤማ ከሆነ ግን ሦስት ጠርዝ አለውና እየተንገጫገጨ ጣታችሁን ይቆረቁራችኋል። አንጓ የለውም፣ ውስጡም በለስላሳ ነገር የተሞላ ነው። ቅጠሉም ከሥሩ ሲወጣ በሦስት አቅጣጫ ነው የሚደረደረው። ልጆቻችሁን አንድ ጊዜ አሳዩአቸው፣ አይረሱትም።

እንግጫም ይህንኑ ሦስት ጠርዝ ይዟል። ወገናቸው አንድ ነው፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ማሳ ውስጥ የምናውቀው እንግጫ ግን አጭር ነው፤ ከመሬት በታች እንደ መቁጠሪያ በክር የተያያዙ ጠንካራ ፍሬ መሳይ ኮረቶች አሉት። ስትኮተኩቱት ክሩ ይበጠስና እያንዳንዱ ኮረት ራሱን ችሎ ይበቅላል። አንዱን ስትነቅሉ አምስት ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። ጤፍ ላይ የምትረጩት ቱ ፎር ዲ ለሰፋፊ ቅጠል አረም የተሠራ ስለሆነ እንግጫን እንዲያጠፋላችሁ አትጠብቁ። የሚያዋጣው በበጋ ደጋግሞ አርሶ ኮረቱን ለፀሐይ ማውጣትና መሬቱን ቶሎ የሚሸፍን ሰብል መዝራት ነው። የእንግጫን ነገር በሰፊው ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል።

ግን እንግጫንም ቢሆን አረም ብቻ ብለን ስንጠራው ትንሽ እናፍራ። በጎጃም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ተጠራርተው የሚወጡት እንግጫ ነቀላ ነው። ጎንጉነው ቤት ያመጡታል፣ ከአደይ አበባ ጋር ያስሩታል። እኔም ልጅ ሆኜ እህቶቼ ሲሄዱ ተከትዬ ተመልሼ አውቃለሁ፤ «ወንድ ልጅ ምን ይሠራል» ብለው አባረውኝ ነው እንጂ መሄዱንስ ሄጄ ነበር።

ደንገል ደግሞ ሦስተኛው ወንድም ነው። ትልቁ ማለት ይሻላል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ ይበተናል። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው። የደንገል ግንድ ውስጡ አየር የሚይዝ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ውሎ ሲያድር ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በዚህ ሙያ ይታወቃል። በጣና ዳርቻ ያለው ደንገል እየተመነጠረና እየታረሰ ሲሳሳ ሙያውም አብሮ ነው የሚሳሳው።

ፊላ ሌላ ነው፤ ጫፉ ላይ ቡናማ ሻማ የመሰለ ነገር የሚይዘው። ሸምበቆም ሌላ ነው፤ እሱ አንጓ ያለው የሣር ወገን ነው። እንቦጭ ደግሞ ጭራሽ ከእነዚህ ጋር የሚቆጠር አይደለም፤ ከውጭ የመጣ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ መጤ አረም ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን የማነሳው «ውኃ ውስጥ የበቀለ ሁሉ አረም ነው» የሚል አነጋገር በዘመቻ ሰሞን እየተለመደ ስለመጣ ነው። እንቦጭን እንንቀል ብሎ ወጥቶ የዳርቻውን ቄጤማና ደንገል አብሮ መንጭቶ መመለስ ማለት ሐይቁን የሚጠብቀውን አጥር ማፍረስ ነው። ከማሳ የታጠበው አፈር ሐይቅ ከመግባቱ በፊት የሚቀረው በዚያ አጥር ነውና።

የድሮ ሰዎች እነዚህን ስሞች አያምታቱም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት አባቶች የሙሴን ታሪክ ሲጽፉ ሣጥኑን ከደንገል አድርገው፣ ሣጥኑን የተቀመጠው ግን በወንዝ ዳር ቄጤማ ውስጥ ነው ብለው ለይተውታል። የሚሠራበትንና የሚሸሸጉበትን ያውቃሉ ማለት ነው። እኔ ዲፕሎማ ይዤ አልለየሁትም።

ጨፌ የሚለውን ቃልም እንየው። ይህን ቃል ከኦሮምኛ ጋር እንጋራዋለን። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ለምለም ረግረጋማ መስክ ነው፤ በገዳ ሥርዓት ጉባኤው የሚቀመጠው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ስለነበር ጉባኤውም ጨፌ ተባለ። ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስሙ ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ሕግ የሚወጣበት ሸንጎ የተጠራበትን መሬት እኛ «ሌላ» ብለን መዝግበነዋል።

አሁን ወደ ጥቅሙ። ጉዝጓዙን ልንገራችሁ ብል ትስቁብኛላችሁ። ቡና ሲፈላ፣ ሰርግ ሲሆን፣ በዓል ሲመጣ ቄጤማ ያልተጎዘጎዘበት ቤት ቤት አይመስልም። በቅዳሜ ሹር ካህናቱ ለምእመኑ ቄጤማ ያድላሉ፤ በራሳችን ዙሪያ እናስረዋለን፤ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ርግብ ለኖኅ ካበሰረችው ጋር አያይዘው አባቶች ይተርኩልናል። ከተማ ውስጥ የላስቲክ ቄጤማ መጥቷል። ታጥቦ ተመልሶ ይነጠፋል ይላሉ። እኔ አልወደውም፤ አይሸትም። ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የግብርና ምክር አይደለም።

ለገበያ የሚያጭዱት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ያውም መሬት የሌላቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አቅመ ደካሞች። ይህ ገቢ የትኛውም ቅጽ ላይ የለም። ጨፌው ተጠንፍፎ ሽንኩርት ቢወጣበት ሽንኩርቱ በኩንታል ይቆጠራል፤ የጠፋው የእቅፍ ቄጤማ ግን ድሮም ስላልተቆጠረ የጠፋ ነገር የለም ይባላል። እኔን በጣም የከነከነኝ ይኸ ነው።

ሌላው ውኃው ነው። አንዳንድ ሰው ጨፌ ውኃ ይፈጥራል ይላል፤ እንዲያ አይደለም። ምንጩ ነው ጨፌውን የሚያጠጣው፤ የክረምቱም ጎርፍ ከተራራው ወርዶ እዚያ ይገባል። ቄጤማው የሚሠራው ማዘግየት ነው። ሥሩ ድርና ማግ ሆኖ አፈሩን ይይዛል፣ ግንዱ የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል፣ ደለሉ እዚያው ይቀራል፣ ውኃው ቀስ እያለ ይወጣል። ከጨፌው በታች በሞተር እየሳቡ መስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች አሉ። በየካቲትና በመጋቢት የሚስቡት ውኃ በነሐሴ የዘነበው ነው፤ እስከዚያ ያቆየላቸው ማን ሆነና? ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ጨፌው ቢደርቅ ውኃው በጥቅምት ሄዶ ያልቃል። ያኔ ሽንኩርቱን የተከሉት ወጣቶች ራሳቸው በምን ሊያጠጡ ነው?

አፈሩም ያሳስታል። ጨፌ ተጠንፍፎ በመጀመሪያው ዓመት ሲታረስ ምርቱ ያስገርማል፤ ለዘመናት የበሰበሰ ቅጠላ ቅጠል ስላለበት። ያ ሲበላ ግን አፈሩ ይከሳል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ዝቅ ይላል። ባሕር ዛፍ ከተተከለበትማ ነገሩ አለቀ፤ ድሮም ረግረግ ለማድረቅ ብለው የሚተክሉት ሰዎች ሥራውን አውቀው ነው።

ቄጤማ ግን እንከን የለውም አልልም። አንደኛ፣ መኖው ደካማ ነው፤ ከሣር ጋር ሲወዳደር የመመገብ ኃይሉ ያንሳል፣ ሲያረጅ ከብቱም አይወደውም። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ለምለም ሆኖ መገኘቱ ነው ዋጋው። ከሚሴ አጠገብ ያለውን ጨፋን እዩት፤ በደረቅ ወቅት ከአፋር ድረስ ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመጡበት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ የጉበት ትል። የጉበት ትል የዕድገቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው ረግረግ ውስጥ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ቄጤማውና ሣሩ ላይ ይለጠፍና በጉ ሲግጥ አብሮ ይገባል። አገጩ ሥር ውኃ የቋጠረ በግ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ስለዚህ ከብትና በግ ጨፌ ውስጥ አይሰማራ። ከውኃው በላይ ያለው ታጭዶ፣ በፀሐይ በደንብ ደርቆና ተከምሮ ቆይቶ ቢሰጥ አደጋው በጣም ይቀንሳል። እርጥቡን እዚያው አጭዶ ማብላት ግን ያው ማጋጥ ነው።

እንግዲህ ወጣቶቹስ? እዚህ ላይ ነው የሚከብደኝ። አብረውኝ የተማሩ አሉባቸው። እኔ ደመወዝ አለኝ፤ እነሱ የላቸውም። «አንተ ቢሮ ተቀምጠህ ስለ ቄጤማ ትጽፋለህ» ያለኝ ልጅ አለ፤ እውነቱን ነው። ደግሞ ጨፌ ፈጽሞ አይነካ የሚል ሰው የአርሶ አደሩን ችግር አያውቅም። በኢሉባቦር ገበሬዎች ረግረግ ማረስ የቆየ ልማዳቸው ነው። በቆሎ ይዘሩበታል፤ ግን ቦዩን በጋራ ይጠርጋሉ፣ ሰብሉ ሲሰበሰብ ቦዩን ይደፍኑታል፣ ውኃው ይመለሳል፣ ቄጤማውም ተመልሶ ይበቅላል፤ እሱን አጭደው ቤት ይከድኑበታል። ይህን ሥራ የሚያስተባብር «አባ ላጋ» የሚባል ሰው አላቸው። ቄጤማው ካልተመለሰ መሬቱ ታሟል ማለት ነው። በዓመት ሁለቴ እናምርት ብለው ቦዩን ክፍት የተዉበት፣ ከዚያም ከብት የለቀቁበት ቦታ ግን ተበላሽቷል።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ የምለው ይህ ነው፤ አስቀድሜ ለእናንተ ልንገራችሁ። የጨፌው እምብርትና ምንጩ ያለበት የላይኛው ክፍል በቄጤማው ይቆይ። በዳርና በዳር ያለው፣ በበጋ ራሱ የሚጠፈፈው ክፍል ለወጣቶቹ ይሰጥ፤ በጥልቅ ቦይ ሳይሆን ከጉልበት በማይበልጥ ጥልቀት እየተጠነፈፈ ይታረስ፤ ምርቱ እንደተነሣ ቦዩ ይደፈን። ባሕር ዛፍ እዚያ አካባቢ አይተከል። የቄጤማው አጨዳ በተራ ይሁን፤ ተራውም ዛሬ ለሚያጭዱት ሴቶች ቅድሚያ ይሰጥ፤ ከወጣቶቹም መሐል ገብቶ አጭዶ መሸጥ የሚፈልግ ካለ ይግባ፣ ሥራ ነው። በዓል ሲደርስ ከተማው ሁሉ ቄጤማ ፈላጊ ነው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ አንድ ላይ ጭነን ሸጠን አናውቅም።

ይህ ለወጣቶቹ የሚደርሰውን መሬት እንደሚያሳንሰው አውቃለሁ። ከጠየቁት ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያማችኋል፤ እኔም በዚህ ምክንያት አንዳንዶቹ ሰላምታ ቢነፍጉኝ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሙሉውን ወስደው በሦስተኛው ዓመት ሞተራቸው ደረቅ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ባያቸው የበለጠ ያመኛል።

ለወረዳው የማስተካከያ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። «በእንግጫ አረም የተወረረ፣ ጥቅም የማይሰጥ» የሚለው ተሠርዞ «የቄጤማ ጨፌ፤ ለአጨዳ፣ ለበጋ መኖና ለታችኛው መስኖ ውኃ የሚያገለግል» ተብሎ እንዲተካ ጠይቄያለሁ። ዓምዱ ያው «ሌላ» ነው፤ እሱን የምቀይረው እኔ አይደለሁም። እኚያን እናት ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነገርኳቸው። «ጎሽ» አሉኝና «እማሳዬ ያለውን እንግጫስ?» ብለው ያዙኝ። ሰኞ ሄጄ አየዋለሁ ብያቸዋለሁ።

በእናንተ አካባቢ ቄጤማ ምን ይባላል? ስንት ዓይነትስ ትለያላችሁ? ጻፉልኝ። ለስሙ የሚሆን ቅጠል ይዛችሁ ልማት ጣቢያ ብትመጡም ደስ ይለኛል፤ አብረን እናሽከረክረዋለን። ለቅዳሜ ሹር ልታጭዱ የምትወርዱ ደግሞ ከሥሩ አትንቀሉት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ በስለታም ማጭድ ቁረጡ። ሥሩ ከተረፈ ለዳግማዊ ትንሣኤ ባይደርስም ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል።